በቀን አንድ ኪሎ ስኳር

ሆሳዕና፣ ህዳር 12 ቀን 1957 ዓ.ም.

ዛሬ ህዳር ታጠነ፤ ከተማው በጭስ ታፍኖ ዋለ። ይህን ቀን አጥብቀው የሚይዙት ከእኛ ከፎንቆ ተወላጆች ይልቅ ከሰሜን የመጡት ቤተሰቦች ናቸው። በየግቢው ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ በሽታም ከጭሱ ጋር ይሄዳል ይባላል። የሴት ተማሪዎች አዳሪ ቤት ኃላፊ እትዬ አሰገደች ግቢውን አስጠርገው፣ አስቃጥለው ሲያበቁ መዶሻ አስመጡና የመኝታ ክፍሉን አንድያ መስኮት በአራት ምስማር ቸነከሩት።

“ምነው እትዬ?” አልኳቸው።

“የህዳር ነፋስ በሽታ አዝሎ ነው የሚገባ። እስከ ጥምቀት አይከፈትም።”

ሃያ ስድስት ልጆች በአንድ ክፍል፤ በሩም ማታ ማታ ይዘጋል። እኔ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ አየር ልናገር አፌን ስከፍት ጭሱ ገባበትና ሳል ያዘኝ። ክርክሩም በዚያው አለቀ። አዲሱ የሂሳብ አስተማሪ አቶ ኤሊያስ ሮጦ በጣሳ ውሃ አመጣልኝ። የዶዮገና ሰው ነው። ይህን የምጽፈው እንዲያው ለማስታወሻ ያህል ነው።

ህዳር 19

ልጆቹ ጠዋት ጠዋት ራሳቸውን ይዘው ነው የሚመጡ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ማዛጋት ሆኗል። ዛሬ ገነቴ፣ የሰባተኛ ክፍል አንደኛዬ፣ ሰሌዳ ላይ እየጻፈች ሳለ ጠመኔው ከእጇ ወደቀ፤ ተከትላው ወደቀች። ወደ ውጭ ስናወጣት ነቃች።

እትዬ አሰገደች፣ “አላልኩም? ነፋስ መታት” አሉ። ነፋሱ በየት በኩል እንደገባ አልነገሩንም።

ህዳር 21

የገነቴ አባት አቶ ጠና ከሞርሲቶ በእግሩ መጣ። ከእኔ ጋር በሀዲይኛ ማውራት ሲችል፣ ርዕሰ መምህሩ እንዲሰሙት ብሎ በአማርኛ ተናገረ፦

“ልጅ ለትምህርት ሰጠሁ። ለመቃብር አልሰጠሁም። አንድ ጊዜ ወደቀች፣ እሺ፣ ይሁን። ሁለተኛ ከወደቀች እወስዳለሁ። ለልጁ ጠይቆኛል አንድ ሰው፤ እሰጣለሁ።”

ገነቴ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከበሩ ኋላ ቆማ ትሰማለች። አባቷ እንደሄደ ርዕሰ መምህሩን አቶ ወልደኪዳንን መስኮቱ ይከፈት ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸው ደግሞ፣ “አሰገደች ነፋስ ገባ ትላለች፣ አንቺ ነፋስ ጠፋ ትያለሽ። በሁለታችሁ መሀል ቆሜ እኔን ብርድ እንዳይመታኝ! በይ ቁጥር አምጪልኝ። ቁጥር ካመጣሽ አስከፍታለሁ” አሉ።

ቁጥር! እኔ ጣቢታ ቁጥር ተጠየቅሁ። ከቢሯቸው እስከ በሩ ድረስ እየዘለልኩ ነው የሄድኩት።

ህዳር 23

ነገሩ እንዲህ ነው። የበላነው ቆጮም ሆነ እንጀራ ሰውነታችን ውስጥ ስኳር ይሆናል። አንድ ሞል ስኳር ስድስት ሞል ኦክሲጅን ይዞ ይነድዳል፤ ስድስት ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድና ስድስት ሞል ውሃ ይወጣዋል። ሞል ማለት የኬሚስቶች ቁና ነው። ምንም አይጎድል፣ ምንም አይተርፍ። ይህን ቀመር ስጽፈው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ ሰሞኑን ግን ሁሉም ነገር ደስ ይለኛል።

የሚያስፈልገኝ፦ ሰው በአንድ ትንፋሽ ስንት ሊትር ያወጣል? በደቂቃስ ስንት ጊዜ ይተነፍሳል? የምናወጣው አየር ውስጥ ከመቶ አራት እጁ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን መጽሐፉ ይናገራል። ልጆቹን ልቆጥር ብል ገና ሳያቸው በሳቅ ይፈርሳሉ። ስለዚህ የምለካው ራሴን ነው። የራስን ትንፋሽ ደግሞ ራስ መቁጠር አይቻልም፤ ቆጠርኩ ሲሉት ይለወጣል። ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ያለው አቶ ኤሊያስ ነው። ስለዚህ እሱን ጠየቅሁ፤ ሰዓት ስላለው ነው።

ህዳር 25፣ በእረፍት ሰዓት

ቆጠረ። 28። ደወሉ ተደወለ፤ ማታ እጽፋለሁ።

ማታ

ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ሞላን፤ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ደፋንበት፤ በጎማ ቱቦ ነፋሁ። ውሃው እየተንቦጫረቀ ወረደ። አንድ ትንፋሼ ግማሽ ሊትር ሆነ። እዚህ ድረስ ሰላም ነው።

ከዚያ አቶ ኤሊያስ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ፤ ሰዓቱን ፈትቶ መዳፉ ላይ አኖረና፣ “ወይዘሪት ጣቢታ፣ እንደ ልማድዎ ይተንፍሱ” አለኝ። እንደ ልማድህ ተንፍስ ተብሎ እንደ ልማዱ የሚተነፍስ ሰው የት አለ? ጆሮው ላይ ጠመኔ ሰክቶ ረስቶታል። ልንገረው አልንገረው እያልኩ ደቂቃው አለቀ። 28። ደገምን፤ 27። ሠለስን፤ 29። ሳይንስ ሲደገም ይጸናል፤ ጸና።

አሰላሁ። 28 ትንፋሽ፣ ግማሽ ግማሽ ሊትር፣ ከመቶ አራት እጁ፦ በደቂቃ 0.56 ሊትር ካርቦን ዳይኦክሳይድ። በቀን 806 ሊትር። አንድ ሞል ጋዝ 22.4 ሊትር ቦታ ይይዛል ይላል መጽሐፉ፤ 36 ሞል ሆነ። ለስድስት ሳካፍለው 6 ሞል ስኳር። የአንዱ ሞል ስኳር ክብደት 180 ግራም ነው። 1080 ግራም!

በቀን ከአንድ ኪሎ በላይ ስኳር አነድዳለሁ። አብራኝ የምትኖረው እህቴ ጵርስቅላ ሰምታ፣ “ሻይ ያለ ስኳር የምትጠጪው ሴትዮ? ታዲያ ከየት ሰርቀሽ ነው?” አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፣ “ማነው የቆጠረው?” አለች። ማን ቢቆጥረው ምን ለውጥ አለው?

ህዳር 30

ተዋረድኩ።

ክፍሉ 75 ሺህ ሊትር አየር ይይዛል። ሃያ ስድስት ልጆች ዘጠኝ ሰዓት ሲተኙ፣ በእኔ ትንፋሽ ልክ፣ ሌሊቱ ሲነጋ ከመቶ አሥር እጁ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። መጽሐፉ እዚያ ላይ የሚለው አንድ ቃል ነው፦ ሞት። አቶ ወልደኪዳን ወረቀቱን መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አነበቡት፤ ደግመውም አነበቡት።

“ልጄ፣ በዚህ ስሌት ልጆቹ በየሌሊቱ ያልቃሉ ማለት ነው። እኔ ግን ዛሬ ቁርስ ላይ ሃያ ስድስቱንም አይቻቸዋለሁ። እንዲያውም ይጨመርልን ብለው አስቸግረዋል።”

እትዬ አሰገደች እዚያው ነበሩ፤ ነጠላቸውን ብቻ አስተካከሉ። ከመናገር ይብሳል።

ስወጣ አቶ ኤሊያስ በረንዳው ላይ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል። “ይጨመርልን አሉ?” ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አጥሩን ተደግፈን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። አሁን ሳስበው ግን ራሴን ታዘብኩት። ገነቴ ልትዳር ነው፣ እኔ አጥር ተደግፌ እስቃለሁ።

ታህሳስ 3

ተገኘ! ተገኘ! ጥፋቱ የመጽሐፉ ነው!

አቶ ኤሊያስ ትናንት ሲያስብ አድሮ፣ “ወይዘሪት ጣቢታ፣ ይህ መጽሐፍ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ነው” ብሎ መጣ። እውነቱን ነው። 22.4 ሊትር የባሕር ዳርቻ ቁና ነው፤ ያውም በበረዶ ብርድ። ሆሳዕና ተራራ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ አንድ ሞል ሰፋ ብሎ ይቀመጣል። ስንት እንደሚሰፋ ለማወቅ ውሃ አፈላን። ባሕር ዳርቻ ላይ በመቶ ዲግሪ የሚፈላው ውሃ እኛ ዘንድ በ92 ተኩል ፈላ። ከዚያ ሰንጠረዥ ገልጠን አሰላን፤ የሆሳዕና ሞል 31 ሊትር ገደማ ነው። ቴርሞሜትሩን አውጥተን በዚያው ውሃ ሻይ አፈላን። እሱ ስኳር ሊጨምርልኝ ሲል፣ “አንድ ኪሎ አለኝ” አልኩት። ሻዩ በአፍንጫው ወጣ።

ስኳሩ ወደ 780 ግራም ወረደ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እሱ ግን ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ “ከፍታው ስኳሩን አስተካከለ። የክፍሉን አየር ግን አይነካውም፤ ሊትሩ በሊትር ስለሆነ ያው ከመቶ አሥር እጅ ነው። ልጆቹ አሁንም ሞተዋል” አለ።

የሆነ ቦታ ሌላ ስህተት አለ። የት እንዳለ ሊገባኝ አልቻለም።

ታህሳስ 5

ግድግዳ ከሚቀቡት ሰዎች ኖራ ለምነን የኖራ ውሃ አዘጋጀን። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያገኘው ወተት ይመስላል፤ ይህን አቶ ወልደኪዳን በዓይናቸው ያዩታል። በቱቦ ነፋሁበት፤ ነጣ። አቶ ኤሊያስ ልጅ ሳለ የአጎቱ በቅሎ ዶዮገና ገበያ ላይ ጥላው እንደሄደች ይተርክልኝ ነበር፤ እየሰማሁ መንፋቴን ረሳሁት። ጎንበስ ብዬ ሳይ ወተቱ የለም። ውሃው ጠርቶ ቁጭ ብሏል። ትንፋሽ ሲበዛበት የነጣው ነገር ተመልሶ ይሟሟል፤ መጽሐፉ ላይ በትንሹ ተጽፎ ነበር። ስንት ደቂቃ ብነፋ ነው? እሱም አልቆጠረም። ሰዓት ያለው እሱ ነው እንጂ!

ታህሳስ 8

እትዬ አሰገደች በረንዳ ላይ ያዙኝ። “ፊትሽ ይቀላል፣ ትንፋሽሽ ይቆራረጣል፣ እህልም እየተውሽ ነው አሉ። ብርድ መቶሻል። ፌጦ ቢጤ በጥብጠሽ ጠጪ” አሉኝ። የከፍታ ነገር ነው ብዬ አስረዳኋቸው። “ስንት ዓመት ኖረሽበት ዛሬ ነው ከፍታ የሆነው?” አሉ።

ታህሳስ 9

ገነቴ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ያዝኩና አስቀመጥኳት። ልጆቹ ሁሉ፣ “አልወደቀችም ሚስ፣ ተቀመጠች እንጂ” አሉ። አዎን፣ ተቀምጣለች። አባቷ በመጪው ረቡዕ ይመጣል። እጇ ቀዝቅዞ ነበር። “ሚስ፣ ቁጥሩ ደረሰ?” አለችኝ። ሳቄ ሁሉ ጠፋ።

ታህሳስ 12፣ ጠዋት

አቶ ወልደኪዳን ዛሬ በፊታቸው ይቆጠር ብለዋል። ሰዓቱን እሳቸው ይይዛሉ። ቆጣሪዋ እትዬ አሰገደች ናቸው። “የምትከራከርሽ ራሷ ትቁጠር፤ ያኔ ማንም አይጠረጥርም” አሉ። አቶ ኤሊያስ ሁለት የኖራ ውሃ ሳህኖች ያመጣል፤ አንዱ ከመኝታ ክፍሉ ያደረ፣ ሌላው ከደጅ ያደረ። ጌታ ሆይ፣ እባክህ።

ታህሳስ 12፣ ማታ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ቢሮው ውስጥ ሦስት ነበርን። አቶ ኤሊያስ ሳህኖቹን ሊያመጣ ሄዷል። እትዬ አሰገደች መቁጠሪያቸውን ከአንገታቸው አወጡ። “ጾም ላይ ነኝ፤ በመቁጠሪያዬ አልዋሽም” አሉ። ለአንድ ትንፋሽ አንድ ፍሬ። አቶ ወልደኪዳን ሰዓቱን አዩ፤ ደቂቃው አለቀ።

“አሥራ አራት” አሉ እትዬ።

ልሞት ምንም አልቀረኝ። ሃያ ስምንቱ የት ሄደ? “ይደገም” አልኩ። ተደገመ። አሥራ አራት።

“ይሠለስ” አልኩ። ግማሽ ላይ ስንደርስ በሩ ተከፈተና አቶ ኤሊያስ ሁለት ሳህን ይዞ ገባ። እኔ ያየሁት ሳህኖቹን ነው፤ እምላለሁ። የእትዬ አሰገደች ጣቶች ፍሬዎቹ ላይ መሮጥ ጀመሩ።

“ሃያ ሦስት” አሉ።

አቶ ወልደኪዳን ሰዓቱን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ። “ቆሞ ይሆን?”

“ከፍታው...” አልኩ።

“ከፍታው በግማሽ ደቂቃ ጨመረ?”

እትዬ አሰገደች መቁጠሪያቸውን ወደ መጀመሪያው ፍሬ መለሱ። ከዚያ፣ “አቶ ኤሊያስ፣ እስቲ ሳህኑን አስቀምጥና ለአፍታ ውጣ፣ ልጄ” አሉ። ወጣ። ጥቂት ጠብቀው ቆጠሩ። አሥራ አምስት። “ግባ” አሉት። ገባ። ሃያ ስምንት። “ውጣ።” አሥራ አራት። “ግባ።” ምስኪን፣ ለምን እንደሚመላለስ አልገባውም፤ ወይም ገብቶታል፤ ጆሮዎቹ በርበሬ መስለዋል። በበሩ ስንጥቅ ልጆቹ ተደራርበው ያያሉ። የመጨረሻው ሃያ ስምንት ሲጠራ በረንዳው በሳቅ ፈነዳ።

እትዬ አሰገደች መቁጠሪያቸውን ወደ አንገታቸው መለሱና፣ “ጌታዬ፣ የልጅቷ ስሌት ትክክል ነው። ሁለት ትንፋሽ ነው ያላት፤ አንዱ የሁላችንም ነው፣ አንዱ የእሱ ነው። ለክፍሉ በአሥራ አራቱ ያሰሉት” አሉ።

ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ እወድ ነበር። ደግሞም አልወድም ነበር።

አቶ ወልደኪዳን ሳቃቸውን በሳል ሸፍነው ራሳቸው አሰሉ። ከመቶ አምስት እጅ። መጽሐፉን አቀረብኩላቸው፤ ከሦስት እጅ ጀምሮ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ደካማውን መጣል። ድምፃቸው ተለወጠ። “ገነቴ” አሉ ብቻ።

ከዚያ ሳህኖቹን አዩ። ከደጅ ያደረው ላይ ስስ ሽፋን አለ። ከክፍሉ ያደረው ላይ እንደ ወተት ስልባቦት ያለ ወፍራም ነጭ ነገር ተጋግሯል። እትዬ አሰገደች በጣታቸው ነካ አደረጉት።

“ይህ ከልጆቹ አፍ የወጣ ነው?”

“አዎን እትዬ።”

“እኔ በሽታ እንዳይገባ ብዬ... ውስጥ ዘግቼባቸው ኖሯል።” ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አሳዘኑኝ፤ ልጆቹን ይወዳሉ፤ ሌሊት ብርድ ልብስ እየዞሩ የሚያለብሷቸው እሳቸው ናቸው። ከዚያ ቀና ብለው እኔንና አቶ ኤሊያስን በየተራ አዩና፣ “ነገሩ ለነፋስ ብቻም አልነበረም። ማታ ማታ መስኮቱ ሥር የሚያፏጩ ጎረምሶችም ነበሩ። መስኮት ቸነከርኩ፤ ይኼ ግን በበር ገባ” አሉ።

ምስማሮቹን ሌላ ሰው እንዲነቅላቸው አልፈቀዱም። መዶሻውን ራሳቸው ያዙ። ሦስቱ ወጡ፣ አራተኛው ተጣሞ መቃኑ ላይ ቀረ። መስኮቱ ሲከፈት ሃያ ስድስቱም ራሳቸውን አወጡ።

ታህሳስ 14

አቶ ጠና መጣ። ገነቴ አባቷን መስኮቱ ሥር አቁማ ቀመሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሀዲይኛ አስረዳችው፤ ቆጮው ስኳር ሲሆን፣ ስኳሩ ሲነድ፣ ስድስቱ ለስድስት ሲሆን። ሞል ላይ ስትደርስ በቁና አስረዳችው፤ ከእኔ ሰርቃ። ጨርሳ ስትስቅ ፊቷ ጥሩ ደም ነበረው። አባቷ ሰምቶ ሲያበቃ ወደ አቶ ወልደኪዳን ዞረ።

“ይህ ሁሉ ቁጥር... መስኮት ለመክፈት ነው?”

“ነው” አሉ አቶ ወልደኪዳን፣ ትንሽ አፍረው።

“ይሁን። ለጠየቀኝ ሰውዬ ‘ልጄ ገና ቁጥር አልጨረሰችም’ እለዋለሁ።” ያመጣውን ቡላ ለእትዬ አሰገደች አስረክቦ ሄደ። ገነቴ አጥሩ ድረስ ሸኘችውና እየሮጠች ተመለሰች።

ታህሳስ 17

አቶ ኤሊያስን ሸሸሁት። እሱ በፊት ለፊት ሲመጣ እኔ በጓሮ። የሰባተኛ ክፍል ልጆች እሱ በመስኮት ባለፈ ቁጥር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይቆጥራሉ፤ “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...” ጵርስቅላ ደግሞ ሻዬ ውስጥ ሳታስፈቅደኝ ሦስት ማንኪያ ስኳር ትጨምራለች።

ታህሳስ 20

ዛሬ ቤተ ሙከራው በር ላይ ያዘኝ። ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ መዳፌ ላይ አኖረው።

“ወይዘሪት ጣቢታ፣ የእኔን እስካሁን ማንም አልቆጠረውም” አለ።

አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ጠመኔው ዛሬም ጆሮው ላይ ነበር፤ አልነገርኩትም። ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ።

ሠላሳ አንድ። ከእኔ በሦስት ይበልጣል።

ጥር 3 ቀን 1957

ከጥምቀት በኋላ የዶዮገና ሽማግሌዎች ፎንቆ፣ አባቴ ዘንድ ይሄዳሉ። እትዬ አሰገደች፣ ‘ቆጣሪዋ እኔ ነኝ፤ ያለ እኔ ማን ይመሰክራል?’ ብለው አብረው ሊሄዱ በቅሎ እያፈላለጉ ነው። የአዳሪዎቹ መስኮት ክፍት ነው። ገነቴ በፈተናው እንደገና አንደኛ ወጥታለች፤ የራሷንም ትንፋሽ ለክታ በቀን 390 ግራም ስኳር እንደምታነድድ በሰሌዳ ላይ ጻፈች። ትክክል ነው፤ በሆሳዕና ሞል አስልታዋለች።

እኔ መቁጠር ትቻለሁ። አሁን በበሩ በኩል ኮቴው ይሰማኛል፤ ጵርስቅላ የስኳሩን ጣሳ ይዛ ታየኛለች። ከመጽሐፉም አይስማማ፣ ከከፍታውም አይስማማ፤ በቀን አንድ ኪሎ ስኳር ቢነድ ይንደድ።